ውሃው የሸሸበት ደሴት

ከሲሪንቃ ተነስቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ መርሳን፣ ውርጌሳንና ውጫሌን አልፎ ወደ ሐይቅ ከተማ ሲቃረብ በስተግራው ሰፊ ውሃ ይገለጥለታል። ሚኒባስ ውስጥ አገሩን የሚያውቅ ሰው አይጠፋምና አንዱ በጣቱ ወደ ውሃው እያመለከተ «ያ ደሴቱ ነው፣ እስጢፋኖስ» ይላል። የሚያርመው የለም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ግን ዛሬ ደሴት አይደለም። ውሃው ሸሽቶ በአንድ ወገን ከየብስ ጋር ተያይዟል። ታንኳ ሳይፈልግ ሰው በእግሩ ይገባል፤ ከብትም እንዲሁ።

ይህ የቃላት ጭቅጭቅ ሊመስል ይችላል። ሆኖም አንድ ቦታ «ደሴት ነው» ከተባለ ሰው ሁሉ ውሃው ይጠብቀዋል ብሎ ይዘናጋል። ለብዙ መቶ ዓመታት ውሃው በእርግጥ ጠብቋል። መጻሕፍቱን፣ ዛፎቹን፣ ወፎቹንና ዓሣውን አንድ ላይ ጠብቋል። ጥያቄው ውሃው ሲሸሽ የውሃውን ሥራ ማን ተረከበ የሚለው ነው። እስካሁን ሙሉ በሙሉ የተረከበ አካል የለም። መነኮሳቱ የሚችሉትን ያህል ይዘዋል። የቀረው ለሁሉም የተሰጠ፣ ስለዚህም ለማንም ያልተሰጠ ሥራ ሆኖ ቆይቷል።

በደሴቱ ላይ ምን ነበር?

ሐይቁ የሚገኘው በደቡብ ወሎ፣ በተሁለደሬ ወረዳ፣ ከደሴ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በስተሰሜን ነው። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። የአገሬው ሰው ሌላ ስም አልፈለገለትም። «ሐይቅ» ብሎ ጠራው፤ ከተማውም በእሱ ተሰየመ።

የቤተ ክርስቲያን ትውፊት የእስጢፋኖስን ቤተ ክርስቲያን አመሠራረት ወደ 9ኛው ክፍለ ዘመን ይወስደዋል። የቦታው ታላቅ ዘመን የሚጀምረው ግን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ ከመነኮሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1248 ገደማ መጥተው ገዳሙን ሲያቋቁሙ ነው። በዚያች ጠባብ መሬት ላይ የማንበብ፣ የመጻፍና መጽሐፍ የመገልበጥ ትምህርት ቤት ቆመ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ወደ ሸዋ ተመልሰው የራሳቸውን ገዳም ከማቋቋማቸው በፊት ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። ዓፄ ይኩኖ አምላክ እ.ኤ.አ. በ1270 ሥልጣን ከያዙ በኋላ የሐይቅ ገዳም መሪዎች «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕረግ በቤተ መንግሥት ትልቅ ቦታ አገኙ። ከዚህች ትንሽ ቦታ የተነሳ ቃል የአገሪቱን አስተዳደር ይነካ ነበር ማለት ነው።

የዚያ ዘመን ምስክር ዛሬም አለ። ኢየሱስ ሞዐ እ.ኤ.አ. በ1280/81 ለገዳሙ ያበረከቱት የአራቱ ወንጌላት የብራና መጽሐፍ የራሳቸውን ምስል ጭምር የያዘ ነው። የተጻፈበት ዘመን ከታወቀ የኢትዮጵያ ብራናዎች መካከል ከጥንታውያኑ ተርታ ይቆጠራል። ቤተ መንግሥቶች ፈርሰው፣ ከተሞች ተቃጥለው፣ ሥርወ መንግሥት ተለዋውጦ መጽሐፉ ሰባት መቶ አርባ ዓመት አልፎታል። አንዱ ምክንያት በውሃ መከበቡ ነው።

የአንድ ቄስ ዝርዝር

ስለ ደሴቱ ቅርስም ስለ ዱር እንስሳቱም በአንድ ገጽ ላይ የጻፈ የውጭ ሰው ቢኖር ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 ከምጽዋ የተነሳው የፖርቱጋል መልእክተኞች ጓድ ከአንጎት፣ ማለትም ከዛሬው ሰሜን ወሎ ምድር አልፎ ወደ ሐይቅ ደረሰ። አልቫሬዝ ያየውን ዘርዝሯል። በሐይቁ ውስጥ ትንሽ ደሴት አለች። በላይዋ ብዙ መነኮሳት ያሉበት የእስጢፋኖስ ገዳም አለ። የሎሚ፣ የብርቱካንና የትርንጎ ዛፍ ሞልቷል። መነኮሳቱ ወዲያና ወዲህ የሚሻገሩት ከሸምበቆ በተሠራ፣ ትላልቅ ቅል በታሰረበት ታንኳ ነው። በውሃው ውስጥ ጉማሬዎች አሉ፤ ስማቸውን ሳይተረጉም የአገሩን ቃል እንዳለ ወስዶ ጽፎታል። በጣም ትልቅ ዓሣም አለ፤ ራሱ እንደ እንቁራሪት አስቀያሚ፣ ሰውነቱ ልሙጥ፣ ሥጋው ግን የሰባና የሚጣፍጥ ነው ይላል። ወሎዬ ይህን ሲሰማ አምባዛ መሆኑን ወዲያው ያውቃል።

ይህ ዝርዝር ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ እንደ መዝገብ ያገለግላል። ገዳሙ አለ። አምባዛው አለ። ደሴትነቱ ቀርቷል። ጉማሬው የለም። ማን ገደለው፣ መቼ አለቀ የሚለውን የሚናገር ጽሑፍ በቀላሉ አይገኝም። የመጨረሻው ጉማሬ በጠፋበት ቀን የመዘገበ አልነበረም፤ የሰው ልጅ ከሚያጣቸው ነገሮች አብዛኞቹ የሚጠፉት እንዲህ ነው። ብራናው ቢጠፋ መነኮሳቱ ያለቅሳሉ፣ ጋዜጣ ይጽፋል፣ ፖሊስ ይጠየቃል። የወፍ ዘር ወይም የዓሣ ዘር ሲመናመን ግን የሚጮህለት የለም።

አልቫሬዝ ካለፈ ከ11 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1531፣ የኢማም አህመድ ጦር ሐይቁ ዳር ደረሰ። የዘመቻው ታሪክ ጸሐፊ ዓረብ ፈቂህ በ«ፉቱህ አል-ሐበሻ» እንደሚተርከው፣ ሠራዊቱ በየብስ እንዳገኛቸው አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ጀምበር ሊገባበት አልቻለም፤ መሻገሪያ መሥራት ነበረበት። መነኮሳቱ በዚያ መካከል ለመደራደር ጊዜ አገኙ። ወርቁንና ንብረቱን አስረክበው ነፍሳቸውንና ቤተ ክርስቲያናቸውን አተረፉ። ውሃው ጦሩን አላቆመም፤ አዘገየው እንጂ። ያችው መዘግየት ግን መጻሕፍት የሚተርፉባት ጊዜ ሆነች።

ሦስቱ ቁልፎች

ደሴቱ በሦስት ቁልፍ ተቆልፎ ኖሯል ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ውሃው ነው። ምሣር የያዘ፣ ከብት የሚነዳ፣ ሌሊት የሚመጣ ሌባ ሁሉ በመጀመሪያ ታንኳ ይፈልጋል። ታንኳ ደግሞ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ይታወቃል።

ሁለተኛው ሥርዓቱ ነው። ገዳሙ የወንዶች ነው፤ ሴት አትገባም። የቤተ ክርስቲያን ዛፍ አይቆረጥም። በሰሜን ኢትዮጵያ በተራቆተ ተራራ መሐል ከሩቅ የጥቅጥቅ ዛፍ ጉብታ ከታየ ወይ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ወይ የመቃብር ቦታ ነው። በወሎ ሙስሊሙም የወሊዮቹን ቀብር ዛፍ አይነካም። ይህ ሥርዓት የተደነገገው ለወፍ ተብሎ አይደለም። ሆኖም ማንም የማይቆርጠው ዛፍና ከብት የማይገባበት ቄጠማ ለውሃ ወፍ ቤት ነው። የሃይማኖት ሕግ ሳያስበው የዱር እንስሳት ሕግ ሆኖ ሲሠራ ኖሯል።

ሦስተኛው የሰው ቁጥርና የመሣሪያው አቅም ነው። በዳርቻው የሚያርሰው ጥቂት፣ መረቡ አጭር፣ ማዳበሪያው ፍግ ነበር። ሐይቁ የሚወሰድበትን መልሶ የመተካት ጊዜ ነበረው።

ዛሬ የመጀመሪያው ቁልፍ ወልቋል። ሦስተኛው ተሰብሯል። ሁለተኛው፣ የመነኮሳቱ ሥርዓት፣ ብቻውን የሦስቱን ሸክም እንዲሸከም ተትቷል። ይህ ለጥቂት ሽማግሌ አባቶች ፍትሐዊ አይደለም። ሥልጣናቸው በአጥራቸው ያበቃል። ከአጥሩ ውጭ ስላለው መረብ፣ ስለሚታረሰው ዳርቻ፣ ስለሚጠለፈው ውሃ ግዝት ቢያውጁ የሚሰማቸው ምእመናቸው ብቻ ነው።

መውጫ የሌለው ውሃ

ሐይቁ የሚፈስበት መውጫ የለውም። የገባበት ነገር ይቀመጥበታል። ከእርሻ የታጠበ አፈር፣ ከማሳ የወረደ ማዳበሪያ፣ ከልብስ እጥበት የቀረ ሳሙና፣ ከከተማ የወረደ ቆሻሻ ሁሉ እዚያው ይቀራል። ወደ ባሕር የሚሄድ ወንዝ ጥፋትን ለሌላ ያስተላልፋል፤ ሐይቅ ግን ያስቀምጣል።

የሚገባለት ውሃም እንደ ድሮው አይደለም። በስተደቡብ ምሥራቅ ከፍ ብሎ የሚገኘው ሐርዲቦ ሐይቅ ትርፉን በወንዝ ወደ ሐይቅ ይልክ ነበር። ያ ውሃ በመንገዱ ላይ ለመስኖ ይጠለፋል። የሚጠልፈው ገበሬ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ሽንኩርትና አትክልት አልምቶ ልጁን ያስተምርበታል። ሲሪንቃና ግራና አካባቢ በመስኖ የሚያመርት የሀብሩ ገበሬ ይህን ሒሳብ ሳይነገረው ያውቀዋል። ችግሩ በላይኛው ገበሬና በታችኛው ሐይቅ መካከል «ይህን ያህል ለአንተ፣ ይህን ያህል ለእሱ» የሚል ስምምነት አለመኖሩ ነው።

የዓሣው ታሪክ ደግሞ በጎ ሐሳብ እንዴት ያልታሰበ ውጤት እንደሚያመጣ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ቀረሶ፣ በሌላ ስሙ ቲላፒያ፣ ወደ ሐይቁ እንዲገባ ተደረገ። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ በ1966ቱ ረሀብ ክፉኛ የተጎዳው የወሎ ሕዝብ ምግብና ሥራ ያስፈልገው ነበር። ቀረሶውም ተራባ፤ ዛሬ ብዙ ወጣት በእሱ ይተዳደራል። ከዚያ ወዲህ ግን የውሃው መልክ ተለወጠ። ኤልሳቤጥ ከበደና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት ቀደም ሲል ጥርት ያለ የነበረው ሐይቅ በአልጌ የበለጸገ አረንጓዴ ውሃ መሆኑን አሳዩ። ከቀረቡት ማብራሪያዎች አንዱ ቀላል ነው። አልጌውን እየበሉ ውሃውን የሚያጠሩ ጥቃቅን የውሃ እንስሳት ነበሩ፤ አዲሱ ዓሣ እነሱን በላቸው፤ አልጌው የሚበላው ጠፋ።

እዚህ ላይ «ዓሣው ይውጣ» ማለት አይቻልም፤ ቢቻልም የሰው እንጀራ ነው። ትምህርቱ ሌላ ነው። በተዘጋ ውሃ ውስጥ አንድ ክር ሲጎተት ሌላው ይላላል። ሐይቁን ለዓሣ ብቻ፣ ገዳሙን ለቱሪስት ብቻ፣ ዳርቻውን ለእርሻ ብቻ የሚያይ ሰው እያንዳንዱን በየተራ ያበላሸዋል። አበው «ዓሣን መብላት በብልሃት ነው» ሲሉ ስለ እሾሁ ነበር፤ ለሐይቁም ይሠራል።

ሦስት አዋጅ፣ አንድ ሐይቅ

አገሪቱ ሕግ አጥታ አይደለም። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። ስለ ዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 አለ። ሦስቱም በወረቀት ላይ ደህና ናቸው። ሦስቱም ግን የየራሳቸው መሥሪያ ቤት፣ የየራሳቸው በጀትና የየራሳቸው ሪፖርት አላቸው።

ውጤቱን ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በገዳሙ ዙሪያ ያለው ቄጠማ በአንድ ክረምት ቢታጨድና ቢታረስ የማን ጉዳይ ነው? የባህል ባለሙያው «እኔ ሕንፃውንና መጻሕፍቱን ነው የምመዘግበው» ይላል። የዓሣ ባለሙያው «እኔ የማየው መረቡንና የሚወጣውን ዓሣ ነው» ይላል። የዱር እንስሳት ባለሙያው «ቦታው ፓርክ አይደለም» ይላል። ሦስቱም አልዋሹም። ቄጠማው ግን ታርሷል፤ ወፉ ጎጆ አጥቷል፤ ቀረሶው የሚራባበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ደለል ሞልቶበታል፤ ገዳሙም ከማሳ የሚለየው አጥር አጥቷል። አንድ ጥፋት ሦስት መሥሪያ ቤት መታ፤ አንዱም በሪፖርቱ አልጻፈውም።

በሐይቁ ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው። ይህ የወሎ እውነት ስለሆነ ወሎዬን አያስገርመውም፤ ውይይቱን ግን ይለውጠዋል። የገዳሙ ዕጣ በመነኮሳቱ እጅ ብቻ አይደለም፤ በዳርቻው በሚያርሰው፣ መረብ በሚጥለው፣ ከብት በሚያሰማራው ጎረቤት እጅም ነው። ጥበቃው «የክርስቲያኖች ጉዳይ» ተብሎ ከተቀረጸ ከመጀመሪያው ከሽፏል። ሐይቁ የመስጊዱም የገዳሙም ውሃ ነው። በሠርግና በለቅሶ አብሮ የሚቆም ሕዝብ ስለ ውሃው አብሮ የሚቀመጥበት ወንበር ብቻ ነው ያጣው።

ከሲሪንቃ የሚገኝ ትምህርት

የዚህ ነገር መልስ ከፊሉ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ በሲሪንቃ ይገኛል። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ለዓመታት የማሽላና የሌሎች ሰብሎችን ዝርያ ሲያሻሽል የኖረ ተቋም ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልዲያን፣ ሲሪንቃንና መርሳን አልፎ እስከ ሐይቅና ደሴ ሲደርስ ማዕከሉ ተዘርፎ ከባድ ጉዳት ደረሰበት። የብዙ ሰው የዓመታት ድካም በአንድ ሰሞን አደጋ ላይ ወደቀ።

ዘር የሚጠብቅ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ በአንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር እንደሌለ ይቆጠራል። ለዚህ ነው የአንድ ዝርያ ዘር በተለያየ ጎተራ የሚቀመጠው። አበው «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉት ይህንኑ ነው።

መጽሐፍም እንደ ዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የመቅረጽ ትልቅ ሥራ ሲካሄድ የኢየሱስ ሞዐ ወንጌልም ተቀርጿል፤ በዚያ መዝገብ ቁጥሩ 1832 ነው። ፊልሙ የብራናውን ሽታና ክብር አይተካም። ዋናው ቢጎዳ ግን በውስጡ ምን እንደነበረ የሚመሰክር ሁለተኛ ባላ ነው። ያ ሥራ የተሠራው ጦርነት ከመድረሱ ከ40 ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። አደጋው ደጃፍ ከቆመ በኋላ ካሜራ የሚያነሳ የለም።

ለእንስሳቱ ግን ሁለተኛ ባላ የለም። የሐይቁ ወፍና ዓሣ በማይክሮፊልም አይቀረጹም። ለእነሱ ያለው ብቸኛ ጎተራ ራሱ ውሃውና ዳርቻው ነው።

ሌሎች ምን አደረጉ?

በአየርላንድ ጠረፍ፣ ከየብስ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ስኬሊግ ማይክል የሚባል የድንጋይ ደሴት አለ። በመካከለኛው ዘመን መነኮሳት በቋጥኙ ላይ የድንጋይ ጎጆ ሠርተው ኖሩበት፤ ኋላ ትተውት ሄዱ፤ የባሕር ወፎች ወረሱት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1996 በዓለም ቅርስነት መዘገበው። አስተዳደሩ ጎጆዎቹንና ወፎቹን አብሮ ያያል። ጎብኚ የሚገባው በበጋ ወራት ብቻ ነው፤ ፈቃድ ባላቸው ጀልባዎች፣ በቀን 180 ሰው ገደማ። የባሕሩ አስቸጋሪነት ራሱ ይከለክል ነበር፤ መንግሥት ግን በባሕሩ ብቻ አልተማመነም፤ ቁጥር አስቀመጠ።

ልዩነቱ መዘንጋት የለበትም። ስኬሊግ ባዶ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ሕይወት ያለው ገዳም ነው፤ በዙሪያውም በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ይኖራል። ስለዚህ የአየርላንዱን ሕግ ገልብጦ ማምጣት አይሠራም። የሚወሰደው አንድ ሐሳብ ነው፤ ሕንፃውና ወፉ በአንድ እቅድ ይጠበቁ።

በአገር ውስጥም ምሳሌ አለ። የጣና ሐይቅ ደሴቶች ገዳማትንም ደንንም አብረው ይዘው የኖሩ ናቸው። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዘገበ። ከዚያ በፊት በ2011 የታየው እምቦጭ ግን ምዝገባውን አይቶ አልቆመም። የምስክር ወረቀት አረም አይነቅልም። በሐረርጌ የሐረማያ ሐይቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ደርቆ ሰውና ከብት አቋርጦት ሄደ። ከዓመታት በኋላ ውሃው ሲመለስ ብዙዎች ተደሰቱ። ሐረማያ ሁለት ነገር ያስተምራል። ሐይቅ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ካልተጨከነበት ደግሞ ሊመለስም ይችላል።

ምን ይደረግ?

«ገንዘብ የለም» የሚለው መልስ ፈጥኖ ይመጣል። ከሚያስፈልጉት ነገሮች አብዛኞቹ ግን ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም።

አንደኛ፣ አንድ የጋራ ጉባኤ ይቋቋም። መነኮሳቱ፣ የዓሣ አስጋሪዎቹ ማኅበራት፣ የዳርቻው ገበሬዎች፣ የአካባቢው ኢማሞችና ሽማግሌዎች፣ ሦስቱም መሥሪያ ቤቶች በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ። ቢያንስ ከክረምት በፊትና ከክረምት በኋላ ይሰብሰቡ። የሐርዲቦ ውሃ ክፍፍልም በዚሁ ጠረጴዛ ይታይ።

ሁለተኛ፣ በገዳሙ ዙሪያ ያለው የቄጠማና ጥልቀት የሌለው የውሃ ክፍል መረብ የማይጣልበት፣ ማረሻ የማይገባበት ተብሎ በምልክት ይከለል። ይህ ለወፍ ብቻ አይደለም። ቀረሶ የሚራባው በዳርቻ ነው፤ መራቢያው ከተጠበቀ መረቡም ይሞላል። ገበሬውም ባዶ እጁን አይቅር፤ ሣሩን አጭዶ ለከብቱ ይውሰድ፣ ከብቱን ግን አያሰማራበት።

ሦስተኛ፣ የገዳሙ መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት በሙሉ በፎቶግራፍ ይመዝገቡ፤ ቅጂው ከአንድ በላይ ቦታ ይቀመጥ። ቁልፉም ባለቤትነቱም ከመነኮሳቱ እጅ አይውጣ። ብዙ ገዳማት ለምዝገባ ፈቃደኛ የማይሆኑት «መዝግቦ ሊወስድብን ነው» ብለው ስለሚፈሩ ነው፤ ፍርሃታቸውም ከታሪክ የመጣ ነው። መተማመን የሚገነባው ቅጂው መጀመሪያ ለእነሱ ሲሰጥ ነው።

አራተኛ፣ ይቆጠር። የውሃው ከፍታ በየወሩ፣ ወፎቹ በየዓመቱ፣ የሚወጣው ዓሣ በየሳምንቱ ይመዝገብ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴ፣ ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በመርሳ ግቢው የግብርና ተማሪዎች አሏቸው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚፈልግ ተማሪ ከደጃፉ ሐይቅ አለለት። የጉማሬውን መጥፋት ማንም ሳይመዘግብ ቀረ፤ የሚቀጥለው ግን እንዲሁ መቅረት የለበትም።

ሁለት ተቃውሞዎች መነሳታቸው አይቀርም። የመጀመሪያው «ሰው ተቸግሮ ስለ ወፍ ይወራል?» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ሐይቁ ሲሞት መጀመሪያ የሚራበው ወፉ አይደለም፤ ወፍ ክንፍ አለው፣ ይሄዳል። የሚቀረው አስጋሪው ነው።

ሁለተኛው «ቱሪስት ይምጣ፣ ቱሪስቱ ያስጠብቀዋል» የሚል ነው። ቱሪስት ቢመጣ መልካም ነው። ያለፉት ጥቂት ዓመታት ግን የቱሪስት ገንዘብ ምን ያህል እንደሚታመን አሳይተዋል። ከወልዲያ ደሴ ያለው መንገድ በተዘጋ ቀን ጎብኚ ይቀራል፤ ዛፍ ቆራጭ ግን አይቀርም። በጎብኚ ኪስ ላይ ብቻ የቆመ ጥበቃ ከመንገዱ ጋር አብሮ ይዘጋል። መንገድ ተዘግቶም የሚሠራው የጎረቤቱ ጥበቃ ነው፤ ጎረቤት የሚጠብቀው ደግሞ የሚጠቀምበትንና የሚመከርበትን ነገር ነው።

ውሃውን ወደ ቀድሞው ከፍታ መልሶ እስጢፋኖስን እንደገና ደሴት ማድረግ በአዋጅ የሚሆን ነገር አይደለም። ዝናብና ዘመን የሚወስኑት ነው። በሰው እጅ ያለው የውሃውን ሥራ መሥራት ነው፤ ምሣር ይዞ የሚመጣውን ማዘግየት፣ ጥልቀት የሌለውን ዳርቻ መጠበቅ፣ ለመጽሐፉ ሁለተኛ ባላ መትከል። በ1531 መነኮሳቱን ያዳናቸው የአንድ ሐይቅ ያህል መዘግየት ነበር። ዛሬ ያንን መዘግየት የሚሰጠው ሕግና ስምምነት ብቻ ነው። የተሁለደሬ ወረዳ፣ የደቡብ ወሎ ዞንና ክልሉ የመጀመሪያውን ስብሰባ ለመጥራት የሚያስፈልጋቸው አንድ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ከመጪው ክረምት በፊት ይጻፍ።